የይማም ጆሮ

የበደለኝ አጎቴ ይማም ነው። የበደለኝም አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ መስከረም፣ የግሸን ንግሥ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ባለፈው ሳምንት ለቅሶው ላይ ተቀምጬ አንድ ሽማግሌ፣ «አላህ ይርሀመው፣ ይማም እኮ መኪናን በጆሮው ብቻ የሚያክም ሰው ነበር» ሲሉ ሰማሁ። ያ ጆሮ የማን እንደነበር ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የይማም ጋራዥ ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ከአንድ ዋርካ ሥር ነበር። የእኔ ሥራ የተፈታ ዕቃ በናፍጣ ማጠብ ነው፤ መፍቻ ቁልፍ መያዝ አልተፈቀደልኝም። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበርና ሜዳው እስከ ውኃው ድረስ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ምሳችን ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ነበር። ዛሬም የተጠበሰ ዓሣ ሲሸተኝ ናፍጣው አብሮ ይሸተኛል፤ ደስ ይለኛል፣ ምን ልዋሽ።

ተሰማ የሚባል የውጫሌ ሹፌር አሮጌ ቀይ መኪናውን ይዞ መጣ። እናቱ ለግሸን ማርያም ስለት ነበረባቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ከተራራው ሥር ድረስ በመኪና ሊያደርሳቸው አስቧል።

«በታጠፍኩ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ትላለች» አለ።

ይማም ጎማውን ወዝወዝ አደረገና «ኩሽኔታ ነው» አለ።

«ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታማ ቀጥ ብላ ስትሄድም ይጮኻል» አልኩ።

«አንቺ ዘሀራ፣ ጆሮሽን ለአዛን አቆዪው!»

ተሰማ ሳቀ። ይማም ሰው ሲስቅለት ደግ ይሆን ነበር። «እሺ፣ ካገኘሽው ወላሂ ከነገ ጀምሮ ቁልፍ ትይዣለሽ» አለኝ።

ተሰማን መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ ሜዳው ላይ በክብ እንዲነዳ ነገርኩት፤ እኔ ከጎን ሮጥኩ። ወደ ቀኝ ሲዞር ዝም። ወደ ግራ ሲዞር ከቀኙ ጎማ ቀጭ ቀጭ። ከሥር ገብቼ ዳሰስኩ። ከካምቢዮ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ፣ ሴሚያስ የምንለው፣ የጫፉ ላስቲክ ተቀዷል። ግራሶው ተረጭቶ አልቆ በምትኩ አሸዋ ገብቶበታል፤ መገጣጠሚያው ተበልቷል።

አዲስ ዕቃ ከደሴ ወዲህ አይገኝም፣ ቀንም የለም። የቀኙንና የግራውን እናቀያይር ያልኩት እኔ ነኝ። የዚያች መኪና ሁለቱ ዘንጎች እኩል ነበሩ፤ ሲቀያየሩ ጫናው ባልተበላው ጎናቸው ላይ ያርፋል፣ ድምፁም ይጠፋል። ለጊዜው ብቻ። ይማም ፈትቶ ገጠመ፤ እኔ አጠብኩ፣ አዲስ ግራሶ ሞላሁ፣ ቅዳዱን በጎማ ቁራጭ ጠቀለልኩ።

መኪናዋ ዝም አለች።

«እንዴት አወቅኸው?» አለው ተሰማ፤ እኔን እሱ ያዘዘኝን ብቻ የምሠራ አድርጎ ቆጥሮኛል።

«ጆሮ ነዋ! እሷማ ናፍጣ ታቀርብልኛለች።»

ዳገት እንዳትሞክር፣ መጀመሪያ ዕቃውን ቀይር ልለው አፌን ከፈትኩ። ይማም አፈጠጠብኝ። ዝም አልኩ። ስለፈራሁ አይደለም። በእሱ ጆሮ ከዳነች ዳገቱንም በእሱ ጆሮ ትውጣው ብዬ ነው።

የተበላው መገጣጠሚያ ተራራው ሥር ሳይደርሱ የመንገዱ ዳገት አጋማሽ ላይ ተበተነ። እናትየው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ምእመኑ እየዘመረ በአጠገባቸው ሲያልፍ ንግሡ አለፋቸው። ተሰማ ተቆጥቶ ሲመጣ ይማም ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «ዘሀራ ናት የገጠመችው። ሴት ቁልፍ ስትይዝ ይኸው ነው!»

ቁልፍ ነክቼ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተሰማ ከደሴ አዲስ ሴሚያስ ማምጣቱን ሰማሁና ውጫሌ ሄድኩ። በእናቱ ደጅ ላይ፣ ከጎረቤት በተዋስኩት ቁልፍ ገጠምኩት። ማን እንደሰማ፣ ማን እንደዋሸ፣ ማን ዝም እንዳለ ለሁለቱም ነገርኳቸው። እናትየው፣ «ያንቺን ማርያም ይቅር ትበልሽ፤ የሱን እንጃ» አሉኝ።

እኔም እንጃ። በለቅሶው ቤት ለሽማግሌው መልስ አልሰጠሁም፤ የይማም ሚስት አጠገቤ ነበረች። ዱዓው ሲያልቅ ተነሥቼ ውጫሌ ተመለስኩ። ከዓመታት በፊት እዚያው በከፈትኩት ጋራዥ በር ላይ ሁለት መኪና ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። የሥራ ልብሴን ለበስኩና ከፊተኛው ሥር ገባሁ።