የሃያ ቁራጭ ከበሮ

አክስቴ ሁለት የፊት ጥርሶቿን ያጣችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሰው ሲጠይቃት «እንጨት መታኝ» ትላለች። ውሸት አይደለም። ከእንጨቱ ጀርባ የነበረውን እጅ ግን አትጠራም። እጁ የታላቅ ወንድሟ ነበር፤ ታላቅ ወንድሟ ደግሞ አባቴ ነው።

በእኛ ቤት ሰው ሰውን አይመታም፤ ዕቃ ነው የሚመታን። እናቴን በር መትቷታል፣ ቁም ሣጥን መትቷታል። አንድ ጊዜ ደረጃ መትቷት ሳምንት ሙሉ ተኝታለች። ቤታችን ደረጃ የለውም።

አያቴ የሰልፍ ባንድ ከበሮ ይሠራ ነበር። ከሥሩ ቀጫጭን ሽቦዎች የተወጠሩበትን፣ በዱላ ሲመቱት የሚንሿሿውን፣ ስኔር የሚባለውን። ቆዳው የሚወጠርበትን ክብ እንጨት ቀፎ ይለው ነበር፤ እኛም ቀፎ እንላለን። አንድ አሠራር ብቻ ነበር የሚያውቀው። ረጅም ሳንቃ በእንፋሎት ሣጥን ውስጥ ያበስላል፤ ሳንቃው ሲለሰልስ ያወጣውና በክብ ፎርማ ላይ ጠምዝዞ፣ በብረት ቀበቶ ጠፍሮ፣ በሞርሳ ያስረዋል። ሁለት ሳምንት ታስሮ ይደርቃል። ቀድሞ ከተፈታ ግን እንደ ወጥመድ ይፈናጠራል።

ያን ቀን አክስቴ ፎርማው ፊት ተቀምጣ ከመሬት ብሎን ትለቅም ነበር። የአሥራ አራት ዓመቱ አባቴ ሞርሳውን ፈታው። ምን እንደሚሆን ያውቅ ነበር? እሷ «ያውቅ ነበር» ትላለች። እሱ «ልጅ ነበርኩ» ይላል። አያቴ ሁለቱንም በዚያው የብረት ቀበቶ ገረፋቸው፤ እሱን ስለፈታ፣ እሷን ሳንቃው ላይ ስለደማች። ደም የነካው እንጨት ኮላ አይዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ አክስቴን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «ድዳሟ» ነው የሚላት። እሷ ግን እስከ ዛሬ «ጋሼ» ትለዋለች።

አያቴ ሲሞት ወርክሾፑን ለሁለቱ ተወላቸው። አንድ ክፍል፣ ሁለት የሥራ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፤ ከኋላ አክስቴ የምትተኛባት ጠባብ ጓዳ። አባቴ የአያቴን መንገድ ወዲያው ተወ። እንደ ኮምፔንሳቶ ስስ ልጣጮችን አንዱን በቁመት፣ አንዱን በአግድም እየደራረበ በኮላ ያጣብቃል፤ በትልቅ የብረት መጭመቂያ ይጨምቃል። በሁለት ቀን ቀፎ ይወጣዋል።

«የኔ አይሰነጠቅ፣ አይጣመም። አሥሩን ብትመቺ አሥሩም አንድ ድምፅ ነው» ይላታል።

«ለዛ ነዋ የሚያስተኛው፣ ጋሼ።»

«ምን ጥርስ አለሽና ነው የምትነክሺው?»

አክስቴ አንድ ሳንቃ ማጠፏን ቀጠለች። ቆዳ ሳታለብስ ባዶውን ቀፎ በጣቷ መገጣጠሚያ ኳ አድርጋ ታንኳኳና አፏን ከፈት አድርጋ ታዳምጣለች። ድምፁ በጥርሷ ክፍተት በኩል የሚገባ ነበር የሚመስለኝ። ስስ ቀፎ ከቆዳው ጋር አብሮ እንደሚርገበገብ፣ ድምፁም ወፍራምና ሞቅ ያለ እንደሚሆን ያሳየችኝ እሷ ናት። ወፍራም ቀፎ ግን አይነቃነቅም፤ የመቱትን ሁሉ ወደ ውጭ ይተፋዋል። የአባቴ ልጣጭ ደግሞ አንዱ ሌላውን ስለሚይዘው የሚያስቀይምም የሚያስደንቅም ነገር የለውም። እኔ እነዚህን ነገሮች ሳውቅ የማወራለት ሰው አልነበረኝም፤ ዩኒቨርሲቲ የምማረው ግጥም ነበር።

የሦስተኛ ዓመት ዕረፍቴ ላይ አንድ የሰልፍ ባንድ አሥራ ሁለት ከበሮ ሊያዝ መጣ። የባንዱ መሪ አጭር፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ሰውዬ ነው። አባቴና አክስቴ እሱ ፊት መጨቃጨቅ ሲጀምሩ ፊሽካውን ነፋው።

«እኔ የሁለታችሁን ጠብ አልገዛም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ አንድ አንድ ከበሮ አምጡ። ሜዳ ላይ ከመለከቶቹ ጋር አስመታቸዋለሁ። የተሰማው ይወስዳል።»

ሰውዬው ሲወጣ አባቴ የወርክሾፑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣለ።

«የተሸነፈ ቁልፉን አስቀምጦ ይውጣ። ሰልችቶኛል።»

«ጓዳዬስ?» አለች አክስቴ።

«ጓዳሽም።»

አክስቴ አርባ ሁለት ዓመት የኖረችበትን ክፍል ዞር ብላ አየች። «እሺ» አለች።

ሊወዳደሩ አምስት ቀን ሲቀር፣ ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ የአክስቴ ከበሮ አለቀ። አያቴ ትቶት ከሄደው ፎርማ ላይ የወጣ፣ ከትንሽ ጣት የቀጠነ፣ ላይና ታቹን በቀለበት ያጠናከረችው ቀፎ ነበር። ቆዳ የሚያርፍበትን ከንፈሩን ሹል አድርጋ ሞርዳዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ መታችው። እኔ ከእንፋሎት ሣጥኑ ጀርባ ተቀምጬ ብርጭቆ ወረቀት እየቆረጥኩ ነበር፤ እጄ ቆመ። ድምፁ ክፍሉን ሞልቶ ቀስ ብሎ ወረደ።

ቀና ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ሰምቶታል። ፊቱን ሳየው የራሱን ከበሮ በሐሳቡ አጠገቡ አስቀምጦ እንዳነጻጸረው ገባኝ። ዞሮ ወጣ። ከጓሮ ሲመለስ መጥረቢያ ይዟል።

መጀመሪያ ከበሮውን ነው የመታው። ስስ ቀፎ ስለሆነ አንዴ ነበር የሚበቃው፤ እሱ አምስት ጊዜ መታው። ሽቦዎቹ ተበጥሰው ወለሉ ላይ ተንጫጩ። አክስቴ ክንዱ ላይ ስትንጠለጠል በክርኑ ደረቷን ብሎ ጠረጴዛው ሥር ጣላት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ተደግፈው የቆሙትን የደረቁ ሳንቃዎች ያዘ። ሦስት ነበሩ፣ ገና ያልተላጉ፣ ጣት የሚያክል ውፍረት ያላቸው። እያንዳንዱን ሁለት ቦታ ቆረጠው። በንዴት አልነበረም የቆረጠው፤ እየለካ ነበር። ለማጠፍ ርዝመት ያስፈልጋል፤ የትኛውም ቁራጭ ከክንድ እንዳይረዝም አደረገው።

«በይ አሁን እጠፊ!» አላት።

ፎርማው ላይ የሁለት ቀን ሳንቃ ታስሮ ነበር። መጥረቢያውን ጥሎ ወደሱ ሄደ። አክስቴ ከጠረጴዛው ሥር እየወጣች ነው፤ ፊቷ ልክ እንደዚያን ጊዜው ፎርማው ትይዩ ነው።

«ጋሼ፣ ተው!»

ሞርሳውን ፈታው።

እሷ ግን ጎንበስ ብላለች። ሳንቃው ከራሷ በላይ ተፈናጥሮ መስኮቱን ይዞት ወጣ። የመስታወቱ ስባሪ ጀርባዋ ላይ እየረገፈ ቀና አለች፤ እጇ ላይ የእንጨት መዶሻ ነበር። የአባቴ ግራ እጅ ፎርማው ላይ እንዳለ ነው። መታችው። አባቴ ጮኸ። ደገመችው።

«ሁለተኛው አያስፈልግም ነበር» ትላለች እስከ ዛሬ። ማንም ሳይጠይቃት ነው የምትለው።

ሁለት ጣቶቹ ተሰብረዋል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እጁን አቅፎ ሳለ፣ አክስቴ ከሱ ጠረጴዛ ሁለት ቁራጭ ልጣጭ አንሥታ እጁን በመካከላቸው አድርጋ በጨርቅ ጠፍራ አሰረችለት። አላስቆማትም። ደሙ እንጨቶቹ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ስለ ኮላው ያነሣ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሐኪም ሄደ።

ማክሰኞ አክስቴ ጓሮ ወጥታ ተቀመጠች። ጡት ማስያዣዋ ሥር የክርኑ ምልክት ጠቁሯል፤ ስትተነፍስ ታቃስታለች። ፊት ለፊቷ አያቴ እንጨት የሚነክርበት፣ አጫጭር ሳንቃዎች ጎን ለጎን ቆመው የተገጠሙበት አሮጌ የእንጨት በርሜል አለ። ስታየው ቆየች። ከዚያ ገብታ አንዱን የተቆረጠ ሳንቃ አነሣችና ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

«ነይ እስቲ» አለችኝ። «የሚታጠፍ እንጨት ነው ርዝመት የሚፈልገው። የሚቆም ምን ይፈልጋል?»

ማታውን እየሰነጠቀች አደረች። ስንዝር የማይሞሉ፣ ሦስት ጣት የሚሰፉ ሃያ ቁራጮች። ጎናቸውን በመላጊያ በሰያፍ ላገች፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ክብ እንዲገጥሙ። የእንጨቱ ክር ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያጠፈው ወይም ያስገደደው የለም።

ረቡዕ ልናጣብቀው ብንሞክር አልሆነልንም። ኮላ የተቀባ ቁራጭ ይንሸራተታል፤ አሥራ ስምንተኛው ጋ ስንደርስ ሁሉም እግራችን ላይ ተበተነ። ሁለተኛም ተበተነ። አክስቴ የመጨረሻውን ቁራጭ ግድግዳው ላይ ልትወረውረው እጇን ስታነሣ እናቴ ከበሩ «ኧረ ቀስ! ሌላ እንጨት እንደሆነ የለሽ» አለች።

እናቴ ምሳ ከማቀበል ሌላ ወርክሾፑ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች።

«ባልሽ ቢሰማ?» አለች አክስቴ።

«ምን ያረገኛል? እጁን ሰብረሽልኝ የለ!»

አክስቴ ድዷ እስኪታይ ሳቀች፤ ጎኗን ይዛ እየጮኸች ሳቀች። ከዚያ ሦስታችን ዙሪያውን ቆመን ያዝነው። ከመኪና ከመነዳሪ የተቆረጡ የጎማ ጥብጣቦችን እየጎተትን ጠመጠምንበት፤ ኮላው በየስንጥቁ እስኪያልብ ድረስ አነቅነው። እናቴ ከሁላችንም አጥብቃ ነው የሳበችው። ማን ላይ እንደምትስብ አልጠየቅናትም።

ሐሙስ ውጩን ክብ እስኪሆን ላገችው። ዓርብ ቀዳዳዎቹን በሳች፤ ከንፈሩን ሞረደች፤ ሽቦው በሚያልፍበት በታችኛው ከንፈር ላይ ሁለት ዝቅ ያሉ ቦታዎች አወጣች። ያለዚያ ሽቦው ቆዳው ላይ አይተኛም፤ ዝም ብሎ ሲጮህ ይውላል። ቆዳውን፣ ሽቦውን፣ ብሎኑንና ቀለበቱን ከአያቴ አሮጌ ከበሮ ፈታ ገጠመችው። አንኳኳችው፤ አፏን ከፈት አድርጋ አዳመጠች። ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም፤ የማታውቀው ሰው በሩን ከፍቶ የገባ ነበር የሚመስለው።

ቅዳሜ ከአክስቴና ከእናቴ ጋር ሜዳው ላይ ስንጠብቅ አባቴ እጁን በፋሻ አንጠልጥሎ መጣ።

«ምን ሆንክ?» አለው የባንዱ መሪ።

«ሞርሳ ያዘኝ» አለ አባቴ።

አክስቴ መሬት መሬት አየች።

መሪው ሜዳው ማዶ፣ የአጥሩ ግንብ ሥር ሄዶ ቆመ። ከበሮ መቺው መጀመሪያ የአባቴን አነሣ። ብቻውን ሲመታ ያምራል፤ ክብና ለስላሳ ነው። ስምንቱ መለከቶች ሲገቡ ግን ሰመጠ። ዱላዎቹ ሲነሡና ሲወድቁ ይታያሉ እንጂ የሚሰማ ነገር የለም። ከዚያ የአክስቴን አነሣ። መለከቶቹ ገቡ፤ ከበሮው በመካከላቸው እንደ አለንጋ ጮኸ። ደረቅ ነው፣ ሙቀት የለውም፣ ደስ አይልም። ግን እያንዳንዱ ምት ለብቻው፣ ግንቡን መትቶ ወደኛ ተመለሰ። መለከት ነፊዎቹ እየነፉ ዞረው አዩ። መሪው ከማዶ ተመልሶ ወደኛ መጣ።

«ይሄ የአባታችን ከበሮ አይደለም!» አለ አባቴ። «በርሜል ነው! በርሜል ሠርታ መጣች!»

በደህና እጁ ከበሮውን ከመቺው ላይ ነጥቆ በሙሉ ኃይሉ ሜዳው ዳር ያለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ወረወረው። ቆዳው ፈነዳ። ቀለበቱ ተጣሞ ዘለለ፣ ብሎኖቹ ተበተኑ። ቀፎው ሦስት ጊዜ ነጥሮ እየተንከባለለ ሄደና የባንዱ መሪ እግር ሥር ቆመ።

መሪው አነሣው። አውራ ጣቱን በየመገጣጠሚያው እያሳለፈ ዙሪያውን ዳሰሰ። አንዱም አልተከፈተም፤ ከንፈሩ ላይ ትንሽ ብቻ ተሸርፏል። በጣቱ አንኳኳው።

«አሥራ ሁለት» አላት አክስቴን። «ከዚሁ።»

አባቴ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሣሩ ላይ ጣለው። ወደ እናቴ ዞረ።

«ነይ፣ እንሂድ።»

እናቴ እጆቿን ዘረጋችለት። ጣቶቿ ላይ የረቡዕ ኮላ እንደ ቅርፊት ደርቆ ነበር፤ ሆን ብላ አልታጠበችውም።

«እኔ ገና አልለቀቀኝም» አለችው።

እጆቿን አየ። ከዚያ ቀፎውን፤ ከዚያ እንደገና እጆቿን። ክንዱ ሲነሣ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እሷ አልጨፈነችም። የተነሣው በፋሻ የታሰረው እጁ ነበር። አየር ላይ ትንሽ ቆየ፤ ሲያየው ራሱም የደነገጠ ይመስለኛል። አወረደውና ሜዳውን አቋርጦ ሄደ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ መጭመቂያውን ሊወስድ መጣ። ብቻውን የሚነሣ ዕቃ አይደለም። አክስቴ በአንዱ ጫፍ ያዘችለት፤ እስከ በሩ እያቃሰቱ ተሸከሙት። እዚያ ለማረፍ ሲያስቀምጡት፣ ጫፉ የተሸረፈው ቀፎ በሩ አጠገብ ተሰቅሎ አየ። በደህና እጁ አንኳኳው። አዳመጠ።

«ስንት ቁራጭ ነው?»

«ሃያ።»

«እኔ ዘጠኝ ነበር ያደረግኩት።»

«የቀረውን እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ ጋሼ» አለችውና የብረቱን ጫፍ እንደገና ያዘች። «በል፣ አንሣ።»