እትዬ እልል ያለችበት ዋሻ

ታናሽ ወንድማችን ማክሰኞ አዲስ አበባ ላይ ሞተ፤ ረቡዕ ተቀበረ። ቅዳሜ ደግሞ እኔና ታላቅ እህቴ ዌልስ ወርደን፣ ባሕር የገባበት ዋሻ ውስጥ በጎማ ጀልባ እየዞርን ነበር። እኔ መሞቱን አውቃለሁ፤ እሷ አታውቅም። ያንን ቀን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

መርዶው የደረሰኝ በስልክ ነው። የለንደን አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ሼፈርድስ ቡሽ ላይ የእረፍት ብሬክ ወጥቼ ሻዬን ይዤ ቆሜያለሁ። የአክስታችን ልጅ ደወለና «አይዞህ» ብሎ ጀመረ። አይዞህ ብሎ የሚጀምር ሰው ምን ሊል እንደሆነ ማን ይጠፋዋል? ወግ ቢሆን ለእኔም ሰው ተሰብስቦ ነበር የሚነገረኝ። ግን ወንድ ነህ፣ እህትህን የምትይዛት አንተ ነህ ተባልኩ። ሻዬን ደፍቼ የቀረኝን ሺፍት ነዳሁ፤ አንዲት አሮጊት ስትወርድ አመሰገነችኝ፤ ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም።

እትዬ ለእሱ እህት ብቻ አልነበረችም። እናታችን ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ፣ እሷ የአሥራ አራት ዓመት ልጃገረድ፣ እኔ ስምንት ዓመቴ። አዝላው ነው ያሳደገችው። ምግብ አኝካ አጉርሳዋለች፤ ሲታመም አብራው ታማለች። ለንደን ከመጣች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ የሰው አሮጊትና ሽማግሌ ስትንከባከብ ኖራ ጡረታ ልትወጣ ጥቂት የቀራት ሴት ናት፤ እሱ ግን አምሳ አልፎትም «ሕፃኑ» ነው የምትለው። ጉበቱን ካመመው ስምንት ወር ሆኖት ነበር። በየቀኑ ትደውላለች። ከማክሰኞ ወዲህ ስልኩ አልነሳ ሲላት፣ ሐኪም ስልክ ከልክሎታል ብለው ዘመዶች ሸፋፍነውላታል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የእድራችን ሽማግሌዎች ሃርልስደን እኔ ቤት ተቀመጡ። ሰብሳቢያችን አሥመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ አዛውንት ናቸው፤ ከማናችንም የጠራ አማርኛ ይናገራሉ። እትዬ ደም ግፊት አለባት፤ ቤት ውስጥ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ። ሰው ሁሉ ከሥራ ነፃ የሚሆነው እሑድ ነው። ስለዚህ እሑድ ሲነጋጋ ቄሱ ባሉበት ይነገራት ተባለ። «እስከዚያ ሆድ ይፍጀው» አሉኝ ሰብሳቢው። እሺ አልኩ።

ነገሩ ቀላል መስሏቸዋል። እሳቸው የሚያውቁት መርዶ በሽማግሌ የሚነገርበትን ዘመን ነው፤ ዛሬ የሚያረዳው ፌስቡክ ነው። ገና ሳይቀበር ፎቶውን ለጥፈው «ነፍስ ይማር» የሚሉ ሞልተዋል። የእትዬ ልጅ ሐሙስ እናቷ ዘንድ ዊልስደን ሄዳ፣ ስልክሽን አፕዴት ላድርግልሽ ብላ ፌስቡኩን አጠፋችው። ግን ቅዳሜስ? ቅዳሜ ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ የሚደዋወልበት ቀን ነው። አንድ አፉን የማይገታ ቢደውል አለቀ።

ዋሻው የመጣው በዚህ ነው። ልጅቱ ለእናቷ ልደት ብላ ከሦስት ወር በፊት ያስያዘችው ጉዞ ነበር፤ አስጎብኚ ባሕር ውስጥ ያሉ ዋሻዎችን በጀልባ እያስገባ የሚያሳይበት። ሁለት ቦታ ነው የያዘችው፤ ለእናቷና ለራሷ። ደውላ እያለቀሰች «አይ ካንት፣ አጎቴ፤ ፊቴ ያሳብቅብኛል፤ አንተ ውሰዳት» አለችኝ። ስልክ ሎከር ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚገባው፤ እዚያ ኔትወርክም የለም። ለሰብሳቢው ስነግራቸው እግዜር ያዘጋጀው ነው አሉ። እኔ ውሃ እፈራለሁ፤ መዋኛ ገንዳ ዳር እንኳ ቆሜ አላውቅም። ግን የእኔን ፍርሃት ማን ጠየቀ?

ቅዳሜ በማለዳ ዊልስደን በሯ ላይ ደረስኩ። አልሄድም ትላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ታምሞ ተኝቶ እኔ ምን ብዬ እዝናናለሁ ብላ ነበር አሉ፤ በኋላ ልጄ ካሰበችልኝ ምን አደርጋለሁ ብላ ተነሣች። ድፎ ዳቦ ቆርጣ በፎይል ጠቅልላ፣ ብርቱካን ይዛ ገባች። ሞተርዌይ ላይ ብርቱካኑን እየላጠች ታጎርሰኛለች። ወሬዋ ሁሉ ስለ እሱ ነው። ሲሻለው ቪዛ አፕላይ እናደርግለታለን፤ የእኔ ትንሿ ክፍል ትበቃዋለች፤ ብርድ ስለማይወድ ሂተሯን አስቀይራለሁ። እኔ እህ እያልኩ መንገዱን አያለሁ። ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ዝም የምትለው አለችኝ፤ ሺፍት ደራርቤ ደክሞኝ ነው አልኳት።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ዌትሱት የሚሉትን ጥቁር የላስቲክ ልብስ ሰጡን። እትዬ መልበሻ ቤት ገብታ የቀረች መስሎኝ ነበር። ስትወጣ ግማሽ ሰዓት አልፏል፤ ሻሿን ከሄልሜቱ ሥር አስራለች፤ ማተቧ በአንገትጌው ወጥቶ ይታያል። «ኧረ በስመ አብ፣ እንደ ቋሊማ ጠቀጠቁኝ እኮ!» አለች። ሳቅኩ። ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወዲያው ደነገጥኩ። እሷ ግን ስስቅ በማየቷ ደስ ብሏት ጎኔን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

ስምንት ሰዎች ሆነን ተሳፈርን። አስጎብኚያችን አፍንጫዋን ፀሐይ የላጣት ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት ፈረንጅ ናት፤ ሄልሜቷ ላይ ካሜራ ተክላለች። የጀልባውን ገመድ ሁለት እጄን አጣብቄ ያዝኩ። የመጀመሪያው ዋሻ ጠባብ ነው፤ ስንገባ ሞተሩን አጠፋችው። ውሃው ግድግዳውን እየላሰ ይወጣል ይወርዳል፤ ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እትዬ ከላይ የሚንጠባጠበውን በመዳፏ ተቀብላ ግንባሯን አሸችበትና አማተበች። ጠበል ይመስላል አለች። የእኔንም ግንባር አበሰችልኝ።

ከመጀመሪያው ዋሻ ወጥተን ወደ ሁለተኛው ስንሄድ ድንገት ክንዴን ያዘችኝ። ፊቷ ላይ የነበረው ጨዋታ ሁሉ የለም።

«በእናታችን አፅም ይዤሃለሁ፤ እውነቱን ንገረኝ። ሕፃኑ እንዴት ነው?»

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ሞተሩ ይጮኻል፤ አልሰማሁሽም ብል ያምርብኝ ነበር። ዝም ብልም ዝምታው ይሻል ነበር። ዓይኖቿን አየሁና አልቻልኩም። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በእናቴ አፅም ተይዤ ዋሸኋት።

«ተሽሎታል። ትናንት ከአልጋው ተነሥቶ ሾርባ ጠጣ።»

ሾርባውን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ሽማግሌዎቹ ዝም በል አሉኝ እንጂ ዋሽ አላሉኝም፤ ሾርባ ጠጣ በልማ ማንም አላለኝም። ክንዴን ለቀቀችኝ፤ ትከሻዋ ወረደ፤ ስምንት ወር ሙሉ ይዛው የነበረውን ትንፋሽ ነው የተነፈሰችው።

ሁለተኛው ዋሻ ሰፊ ነው፤ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን ያህላል። እዚህ ከጀልባው ወርደን፣ በላይፍ ጃኬታችን እየተንሳፈፍን ገመድ ይዘን እንድንቆይ ተደረገ። እኔ የወረድኩት እሷ ስለወረደች ብቻ ነው። አስጎብኚዋ ይሄ ዋሻ ይመልሳል፤ የምትወዱትን ሰው ስም ጥሩ አለች። አንድ ባልና ሚስት የውሻቸውን ስም ጠሩ፤ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ የእትዬ ተራ ሆነ።

የቤት ስሙን ጠራች። ያንን ስም ከእሷ በቀር የሚጠራው የለም፤ ሰፈር ውስጥ ሲጫወት አምሽቶ ለእራት ስትጠራው በምታረዝመው አጠራር ነው የጠራችው። ዋሻው ተቀበላት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ መለሰላት፤ እየራቀ ሄደ። እትዬ ቀና ብላ አዳመጠች። ከዚያ ገመዱን ለቅቃ፣ በጀርባዋ ተንሳፍፋ እልል አለች። ለስለት፣ ለልጅ መወለድ የሚባለውን ረጅሙን እልልታ። «ተመስገን፣ ሕፃኔን ማርክልኝ» አለች። እንደገና እልል አለች፤ ዋሻው በሙሉ እልል አለ። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ሄልሜቴን እንደሚያስተካክል ሰው ፊቴን ውሃ ውስጥ ደፈቅኩ። ባሕር ውስጥ ያለ ሰው ማልቀሱ አያስታውቅም።

ስንመለስ ለንደን ድረስ መኪናው ውስጥ ተኛች። በሯ ላይ ሳወርዳት ሳመችኝና መረቀችኝ፤ ልቤን ደስ እንዳሰኘኸው ልብህን ደስ ይበለው አለችኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሑድ ሁለቱም አንድ ላይ መጡ። አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ደረጃው ላይ ተሰልፈን በሯን አንኳኳን። ቄሱና ሰብሳቢው ከፊት ናቸው፤ ልጅቷ በሴቶቹ መሐል፤ እኔ ከሁሉ ኋላ። እትዬ በቢጃማ ከፈተች። ቄሱን አየች፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን አየች። በሩን ይዛ «መቼ?» አለች። ሰብሳቢው ማክሰኞ አሏት። ጣቶቿን ዘርግታ መቁጠር ጀመረች፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። አውራ ጣቷ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቀና ብላ በሰው ትከሻ መሐል እኔን ፈለገችኝ።

«ትናንት እልል ስል ዝም ብለህ አየኸኝ?»

ከዚያ ጮኸች። ሴቶቹ ደግፈው አስገቧት፤ እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ።

ሦስቱን የልቅሶ ቀን ወንበር ስሸከም፣ ሰው ስቀበል ዋልኩ። እትዬ ከማንም እጅ ትጎርሳለች፤ እኔ ሳቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። ደረቷን እየመታች «በሬሳው ላይ ዘፈንኩ» ስትል እሰማለሁ፤ ለቀስተኛው ምን ማለቷ እንደሆነ አይገባውም። ሰብሳቢው ጓዳ ድረስ መጥተው ባህላችን ነው፣ ለእሷው ጤና ነው፣ ነገ ይገባታል ብለው አጽናኑኝ። ያኔ የሾርባውን ነገር ነገርኳቸው። «እኛ እንኳ ዝም በል ነበር ያልንህ» አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ።

ያን ሰሞን አስጎብኚዎቹ የቀረጹትን ቪዲዮ ላኩልኝ። አልከፈትኩትም፤ ላጠፋውም ድፍረት አጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ስልኬን ከኪሴ ባወጣሁ ቁጥር ቪዲዮው ያለበት ቦታ ይታየኛል። ወንድሜን አልቅሼ ሳልጨርስ እህቴንም ያጣሁ መሰለኝ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ተናደድኩባት። እኔስ ወንድሙ አልነበርኩም? ለእኔ ማን አለቀሰልኝ? እንዲህ ብዬ ወዲያው አፍራለሁ።

በአርባው ፍትሐት ተደርጎ ሰው ሲበተን፣ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ማንም ሳይጠይቃት መጥታ መኪናዬ ውስጥ ከጎኔ ገባች። ጥቁር ልብሷ ሰፍቷታል፤ ከስታለች። ፈረንጇ የቀረጸችው አለህ ወይ አለችኝ። አለ አልኳት። አምጣው አለች።

ስልኩን ሁለት እጇ ላይ አስቀምጣ አየች። ጨለማው፣ ውሃው፣ የውሻቸውን ስም የሚጠሩት ባልና ሚስት። ከዚያ የራሷ ድምፅ፤ የቤት ስሙ። ዋሻው መለሰላት። ሦስተኛው ሳያልቅ በጣቷ ነካ አድርጋ አቆመችው። መልሳ ከፈተችው፤ እዚያው ላይ አቆመችው። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገች።

«እስከዚህ ድረስ ሕፃኑ አለ» አለች።

እንባዋ የስልኩ መስተዋት ላይ ጠብ ሲል በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ቀጥሎ ምን እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። ስልኩን መልሳ እጄ ላይ አኖረችና ጣቶቼን በላዩ ላይ አጠፈቻቸው።

«የቀረውን አንተ ያዘው» አለችኝ።

ይዤዋለሁ።