የጀማ አረፋ

በኮሌጃችን ምግብ ቤት ረቡዕ ረቡዕ አሳ ይጠበሳል። ሽታው በደረጃው ወጥቶ መኝታ ክፍላችን ድረስ ሲመጣ ጓደኞቼ እየተጋፉ ይወርዳሉ፤ እኔ ግን መስኮቱን ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ በዚያ ሽታ ውስጥ የጀማ ወንዝ፣ የረጠበ የፍየል ቆዳና የታላቅ ወንድሜ የዘውዴ ሳቅ አብረው ይመጡብኛልና።

አገራችን መርሐቤቴ ነው። አባቴ ወንዝ አሻጋሪ ነበሩ። የተነፉ የፍየል ስልቻዎችን ደርድረው፣ በላያቸው እንጨት ረብርበው፣ በጠፍር አጥብቀው ያሰሯትን ነገር ታንኳ ይሏታል፤ ክረምቱን ሙሉ የቄሱን ጥምጥምም የነጋዴውን ጨውም ውሃ ሳያስነኩ ያሻግሩባታል። ጥቅምት ሲገባ በላይኛው መሻገሪያ ውሃው ይጎድልና ሰው በእግሩ መሻገር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ታንኳዋን ጥልቅ ውሃ ወደማይለየው ወደ ታችኛው መሻገሪያ በወንዙ ይዘናት እንወርዳለን። ይህ ጉዞ ለእኔና ለዘውዴ ከዓመት በዓል ይበልጥብን ነበር። አባቴ በረጅም እንጨት ከቋጥኝ እየገፉ ይመሯታል፣ እኔ የተነፈሰውን ስልቻ እየፈለግሁ በአፌ እነፋለሁ፣ ጉንጬ ሲያብጥ ያየ ዘውዴ ደግሞ፣ "እቱ፣ አንቺን ከሥር ብናስርሽ'ኮ አንድ ስልቻ እንቆጥብ ነበር!" እያለ ይስቅብኛል።

አሳ የማጥመዱ ሥራ የእሱ ነበር። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በከረጢት ይይዝና ውሃው ረጋ ባለበት ሁሉ ወርዶ ይበትነዋል። ብርብራ የነካው ውሃ አረፋ ይደፍቃል፤ አሳውም ሰክሮ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ እኛም በቅርጫት እንዝቃለን።

በመጨረሻው ዓመት ሰማዩ አንድም ደመና አልነበረውም። ታንኳዋን ከዳር ካሰርን በኋላ ዘውዴ እስከ ጭኑ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ብርብራውን በተነ፤ አረፋውም መጣ፣ አሳውም መጣ። ነገር ግን አሳው ተለቅሞ ሳያልቅ አረፋው እየወፈረ፣ ቀለሙም እየጠቆረ ሄደ። አባቴ ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ዘግነው አሸተቱ። ውሃው የበግ በጠጥና የገብስ ገለባ ይሸት ነበር፤ ይህ ደግሞ ወንዙ የሚነሣበት የደጋ ሽታ እንጂ የቆላ ሽታ አይደለም።

"ዘውዴ፣ ውጣ! መንዝ ዘንቧል!"

"ኧረ አባባ፣ የብርብራው አረፋ ነው! ዘንድሮ አብዝቼ ነው የወቀጥሁት!"

"ውጣ አልኩህ፣ አንተ ልጅ!"

"ይህን ትልቁን ብቻ ልያዘው፤ ለእማዬ ነው!"

አሳውን በሁለት እጁ አቅፎ ሲስቅ፣ ከወንዙ መታጠፊያ በኩል ድንጋይ የሚያንከባልል ድምፅ መጣ። አባቴ በአጠገባቸው የነበርሁትን እኔን በክንዴ አንጠልጥለው ወደ ቋጥኙ ወረወሩኝ። ተነሥቼ ስዞር ታንኳዋም ዘውዴም አልነበሩም፤ የነበረው ዛፍ ከነሥሩ እየነቀለ የሚሄድ ቡናማ ውሃ ብቻ ነው።

አባቴ ያገኙትን ሁሉ እየጠየቁ፣ ጀማ ከዓባይ እስከሚገናኝበት ድረስ በወንዙ ዳር ወረዱ። ሬሳው አልተገኘም። ቄሱ በሬሳው ፈንታ የዘውዴን ጋቢ አስቀምጠው ፍትሐት አደረሱለት፤ አባቴ ግን ያልቀበሩትን ልጅ ሞተ ለማለት አልቻሉም። በየዓመቱ ውሃው ሲጎድል ወርደው አሸዋውን ይፈልጋሉ። ታንኳ ዳግመኛ አልሠሩም፤ ከዚያ ወዲህ ክረምት ሲሆን ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ያሉ ዘመዳሞች ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም፤ በገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው መርዶ ይጠራራሉ።

ዘንድሮ ወደ ኮሌጅ ልመጣ ስል አባቴ እስከ መኪናው መንገድ ሸኙኝ።

"ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል። ይህ ውሃ የት ነው የሚደርሰው?"

"ዓባይ ይገባል፤ ዓባይም ሱዳንን አልፎ ግብጽ ይደርሳል፣ አባባ።"

ብዙ ከሄድን በኋላ፣ "እዚያ ክርስቲያን አለ?" አሉኝ።

"አለ እንጂ። ድሮ ጳጳስ ይመጣልን የነበረው ከዚያ አይደለም?"

ቆሙና አማተቡ። "እንግዲያስ አፈር አልብሰውታል። ዘንድሮ አልወርድም።"

"አዎን፣ አልብሰውታል" አልኳቸው። እስካሁን ከተማርሁት ሁሉ ለአባቴ የጠቀማቸው ይህ ብቻ ነው፤ ይህም እውነት እንዳልሆነ አውቃለሁ።