ለጸጉር ቤት የተሣለች መላጣ

የሰፈራችን የታፔላ ሠዓሊ አንድ ሞዴል ብቻ ነበራት፤ ራሷን። ሌላ ሰው ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ አይቀመጥላትም፤ መስታወት ግን አይንጠራራም፣ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣም አይልም። ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ በየሴቶች ጸጉር ቤቱ በር ላይ፣ አፍንጫዋ ያው አንድ፣ የጸጉር አሠራሯ ግን ልዩ ልዩ ሆኖ ስትስቅ ኖረች። አንድም ሰው ልብ አላለም! ንቁ ነኝ ባዩ ሕዝባችን ዳቦ በአንድ ጣት ሲቀንስ ያያል፤ አንዲት ሴት ከአሥራ አንድ በር ላይ ስታፈጥጥበት አያይም።

አምና ታመመች። መድኃኒቱ ሕመሙን ሲያባርር ጸጉሯንም አብሮ አባረረው። ሻሽ ጠቅልላ ቤቷ ከተተች፤ እህቷ እንኳ ያለ ሻሽ አላየቻትም። ሞትን ያን ያህል አልፈራችም፤ መታየትን ነው የፈራችው።

በዚህ መሀል የልብ ጓደኛዋ፣ ባለ ጸጉር ቤቷ፣ "እንደ ወትሮው አድርገሽ አዲስ ታፔላ ሥሪልኝ" ብላ ላከችባት። እሷም እንደ ወትሮው መስታወቱ ፊት ተቀምጣ ያየችውን ሣለች፤ ራሷ እንደ ተላጠ እንቁላል ሆኖ፣ ከጆሮዋ በላይ ትንሽ በር ተከፍቶ፣ ጸጉሯ ዘለላ ዘለላውን ሻንጣ አንጠልጥሎ በመሰላል ሲወርድ። አንዱ ዘለላ እንዲያውም ዞር ብሎ ቻው ይላል።

ታፔላውን ተሸክማ ስትሄድ፣ የሥዕል መምህር ነኝ የሚል አንድ የጥበብ ደላላ መንገድ ላይ አስቆማት። መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ፣ "ይኼ ሱሪያሊዝም ነው፤ ህልም ነው" አላት።

"ሐኪሙ የነገረኝ ስም ሌላ ነው። ህልምማ ቢሆን ነቅቼ በተገላገልኩ" ብላው አለፈች።

ባለ ጸጉር ቤቷ ታፔላውን ስታይ ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ደንበኛ ልታባርሪብኝ ነው? ጸጉር ቤት እኮ ነው! በይ ጸጉር ጨምሪበት፤ ዊግም ቢሆን!"

"አልጨምርም።"

"በሞቴ አስተካክዪው!"

"ጸጉር ካደረግሁላት እኔ አይደለሁማ።"

"ደግሞ አንቺ መቼ እንዲህ ሆነሽ ታውቂያለሽ?"

ሠዓሊዋ ሻሿን ፈታች። ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጡት ሁለት ደንበኞች ሳይቀሩ አንገታቸውን አወጡ።

"ይኸው። አወዳድሪ።"

ባለ ጸጉር ቤቷ ጓደኛዋን ክንዷን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ቅባት መዳፏ ላይ አሙቃ ያንን ባዶ ራስ ቀስ አድርጋ ታሸው ጀመር። ዓይኗ ከራሱ ወደ ታፔላው፣ ከታፔላው ወደ ራሱ ይመላለሳል።

"መምሰሉንስ ይመስላል" አለች በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን በክርኗ እየጠረገች። "ጆሮሽን ግን አሳንሰሽዋል። አትዋሺ፤ ያንቺ ጆሮ ይኼን የሚያህል ነው!"

"እስቲ መስታወቱን አቀብዪኝ።"

አየች። እውነት ነው። እዚያው ወንበሩ ላይ፣ ራሷ በቅባት እያብለጨለጨ፣ ብሩሿን አውጥታ ጆሮውን አሳደገችው።