በሦስተኛው ቀን የተወሰደ ወተት

እማማ ሳፍታን ያገኘኋቸው ወደ ከተማ የሚሄደውን አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። የጫማ ካርቶን ጭናቸው ላይ አድርገው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ዞይካ አለች፣ የጎረቤታቸው የስድስት ዓመት ልጅ። ካርቶኑ ውስጥ ቅርፊቷ የተሰነጠቀ ኤሊ ነበረች። ዞይካና ጓደኞቿ ናቸው በድንጋይ የሰነጠቋት፤ ውስጧን ለማየት።

ወደ እንስሳት ሐኪም እየወሰዷት ነው። ልጅቷንም ይዘዋታል። እናቲቱ አሮጊቷ አበዱ ብላ ስቃ ልካታለች። ለልጅቷም ኤሊዋ እኮ ትንሽ ተኝታ ትነቃለች ብላታለች አሉ፤ እማማን ያንገበገባቸውም ይኸው ነው።

«ልጆች ናቸው፣ አያውቁም ይሉኛል። የማይነግራቸው ማን ሆነና?»

እማማ ሳፍታ አርባ ዓመት በኅብረት እርሻው ላም ሲያልቡ የኖሩ ሴት ናቸው። መንደሩ ቡችላ በጆንያ ከትቶ ወንዝ ሲጥል እሳቸው እየተሳደቡ ይቀማሉ፤ «የውሾች ጠበቃ» እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ምክንያቱን ግን የዚያን ቀን ነው የሰማሁት።

ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ ድርቅ። በእኛ ዘንድ ዝናብ ሲጠፋ ትንንሽ ልጃገረዶች ካሎያን የሚባል የጭቃ አሻንጉሊት ይሠሩና፣ ሻማ አብርተው እያለቀሱ ይቀብሩታል። በሦስተኛው ቀን አውጥተው ወንዝ ይጥሉታል፤ ይዘንባል ተብሎ። በዚያ ዓመት ሁለቴ ቀበሩ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። አንዱ ጎረምሳ ታዲያ ጭቃ ነፍስ የለው፣ ማን ይሰማዋል ብሎ ቀለደባቸው።

ልጆቹ ቀልድ አላወቁም። ነፍስ ያለው ፈለጉ። የእማማን ጥቁርና ነጭ ቡችላ በጥልፍ ፎጣ ጠቅልለው፣ ሣጥን ውስጥ አስተኝተው፣ አልቅሰው ቀበሩት። በመንገድ የሚያልፉ ሴቶች ቆም ብለው ለቅሶው እንዴት ያምርባቸዋል እያሉ አደነቁ። ቡችላው ሲያላዝን ከልጆቹ አንዷ መስላቸዋለች።

በሦስተኛው ቀን እማማ ሳፍታ ከራሳቸው ድርሻ የቆጠቡትን ወተት በኩባያ ይዘው ሄዱ። ርቦት ይነሳል ብለው። ሲቆፍሩ ያዩትን አልነገሩኝም፤ የካርቶኑን ክዳን አስተካከሉ ብቻ።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። መንደሩ ልጆቹን ሳመ፤ ቂጣ ጠበሱላቸው። እማማ ሳፍታ ቡችላው ለምን አይነሳም ብለው ሲጠይቁ እናታቸው ዝናብ ሊያመጣ ሄዷል፣ ይመለሳል አሏቸው። እስከ መከር ድረስ ማታ ማታ በር ላይ ወተት አስቀመጡ። ድመት እየጠጣው ጠዋት ኩባያው ባዶ ይሆናል፤ እሳቸውም መጥቶ ነበር እያሉ ይደሰታሉ።

«ገደልሽው ያለኝ አንድ ሰው የለም» አሉ። «አንድም ሰው። ቂጣ ነው የሰጡኝ።»

አውቶቡሱ መጣ። የዞይካ ዓይን ካርቶኑ ላይ ነው። አንጀቴን በላችኝና ጎንበስ ብዬ አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ትነቃለች አልኳት።

እማማ ሳፍታ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ዞሩብኝ።

«አንተም ጀመርክ? ሐኪሙ ካዳናት ዳነች። ከሞተች ደግሞ ዞይካ በገዛ እጇ ትቀብራታለች። በሦስተኛው ቀን ግን ማንም አይቆፍርም።»