በራችን ላይ የተጻፈው ቁጥር

«ምንም አይገባትም፣ በከንቱ አትድከም» ነው ያልከኝ? በላክኸው ካሴት ላይ እኔም ድምፄን እየቀዳሁልህ ነውና ስማኝ፣ ወንድሜ!

እህታችንን ጫልቱን ትምህርት ቤቱ «አትናገርም፣ ክፍል ትረብሻለች» ብሎ ከመለሳት ጀምሮ ቤት የማስተምራት እኔ ነኝ። ፊደሉን እምቢ አለች። በቆርኪ ቁጥር ስንጀምር ግን ወደደችው። ከናዝሬት ወደ አሰብ የሚሄድ የጭነት መኪና በደጃችን ባለፈ ጊዜ ሁሉ ታርጋውን ልታይ ወደ በር ትሮጣለች። እኔ ሞኙ ደግሞ ትምህርቱ ጥሟት ነው ብዬ ደስ ይለኛል።

ትናንት ካሴትህን ያመጣልን ሾፌሩ ጋሽ ቶሎሳ «እስቲ ጫልቱ፣ ስምሽን ጻፊልኝ» አላት። ጠመኔውን ከእጄ ነጥቃ፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ የቆርቆሮው በር ላይ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ጻፈች። እማዬ አፍራ «አይ ቶሎሳ፣ ስሟን እንኳ ገና አልቻለችም» አለች። እኔም ላጠፋው ጨርቅ አነሳሁ።

«ተው፣ አታጥፋው!» አለ ጋሽ ቶሎሳ ብድግ ብሎ። «ያኔ የምነዳት መኪና ታርጋ እኮ ነው! ወንድምህን አሰብ የወሰድኩት በሷ ነው።»

ሦስት ዓመት ሙሉ አንተን ይዛ የሄደችውን መኪና ስትፈልግ ነበር! እሷ ታርጋውን ካልረሳች፣ አንተ የናዝሬትን መንገድ እንዴት አድርገህ ረሳኸው?