ይሻው ወሬውን ተከትሎ የደረሰበት ቤት

ይሻው ከጋፋት በታች ባለው መንደር የእድር ጡሩንባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት በምን እንደሞተ፣ መጨረሻ ላይ ምን እንደተናገረ ሳያጣራ ጡሩንባውን አያነሳም። ሚስቱ ሰብለወንጌል «የኔው ጉድ መልአከ ሞትንም ከማን ተልከህ ነው ሳይለው አይቀር» ትላለች።

አምና በኅዳር፣ የሸክላ ሠሪዋ የጌጤ ማሰሮና ጋን ደጇ ላይ ተከስክሶ፣ በሯ ላይ በከሰል «ቡዳ» ተጽፎ ተገኘ። የጎረቤቷ የሞላ ልጅ ለተሥላሴ ታማ ስለነበር «ጌጤ በላቻት» ተብሎ ተወርቷል።

«እናቴም እንዲሁ ስትባል ነው የኖረች» አለች ጌጤ፣ ስባሪውን እየለቀመች።

ይሻው ተናደደ። ከንዴቱ በላይ ግን አንድ ነገር ከነከነው፤ መጀመሪያ ማን አለ? የእድሩን ዳኛ ባዩን አስፈቅዶ ቤት ለቤት ዞረ። ውኃ ቀጂዎቹ ከመሠረት ሰማን አሉ። መሠረት ከፈንታሁን ሰማሁ አለች። ፈንታሁን አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራይ አገኘው።

«ከማን ሰማህ?»

ፈንታሁን በሬዎቹን አቁሞ ትክ ብሎ አየው። «ትቀልዳለህ? ካንተ ነዋ!»

«ከኔ?»

«ልጅቱ የታመመች ለት ‹እጌጤ ቤት ገብታ ነበር እንዴ?› አልከኝ። አያ ይሻው በከንቱ አይጠይቅም አልኩ።»

ይሻው ጭዱ ላይ ቁጭ አለ። ትዝ አለው። የጠየቀው ለማወቅ ያህል እንጂ በክፋት አልነበረም። ግን ልጅቱ የማትገባበት ቤት የለም፤ ከዚያ ሁሉ ቤት የጌጤ ብቻ ለምን አፉ ላይ መጣ?

ለተሥላሴ ደግሞ የታመመችው ከአባቷ ጋር እብናት ቆላ ዘመድ ጥየቃ ሰንብታ ስትመለስ ነበር። ጤና ጣቢያ ወባ ነው ብለው አክመዋት ድናለች። ይህን ግን ያወራ የለም።

እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ ይሻው ተነሣና ያችን ጥያቄውን እንዳለች ደገማት። «ከኔ አፍ ነው የወጣች» አለ። ሞላም ተነሣ። «ሸክላውን የሰበርሁት፣ በሩ ላይም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ልጄ ገና ሳትድን ወሬውን ሰምቼ ነው።»

ባዩ ሽማግሌዎቹን አማክሮ ፈረደ። ይሻውና ሞላ ለጌጤ የሸክላ አፈር ተሸክመው ያመጣሉ፤ ሰው እንዳይሸሻት የመንደሩ ሴቶች በየተራ ከጌጤ ጋር ገበያ ይወርዳሉ፤ ከእንግዲህ ሰውን ቡዳ ያለ እድሩ ፊት ይቆማል።

«አብሮ መሄዱን ተቀብያለሁ» አለች ጌጤ። «ይቅርታውን ቆዩኝ። አያ ይሻው፣ አንቱን ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጎረቤቴ ሆነው ከቤቴ እህል ቀምሰው ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አለ ይሻው።

በማግስቱ ይሻውና ሞላ አፈሩን አራግፈው ላባቸውን ሲጠርጉ ጌጤ ዳቦ አቀረበችላቸው። ሞላ ተግደረደረ፤ ይሻው ተቀምጦ በላ።

ይሻውን ይቅር ያለችው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ሞላን ገና ነው። ለተሥላሴ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጭቃ ልታቦካ ጌጤ ዘንድ ትገባለች፤ አባቷም ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ይጠብቃታል።